የሙሉጌታ በቀለ የምርምር ጽሑፎችና የሳይቴሽን መዝገብ

ሙሉጌታ በቀለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ምሁር ናቸው። መስካቸው ስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው። ጽሑፎቻቸው በአብዛኛው የሚያጠኑት በሙቀት ምክንያት ያለ ዕረፍት ወዲያ ወዲህ የሚሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን፣ ማለትም የብራውን እንቅስቃሴን ነው።

ከሥራዎቻቸው አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ«ፊዚካል ሪቪው ኢ» ቅጽ 59 የወጣው ነው። ኤስ. ራጄሽ፣ ጂ. አናንታክሪሽና እና ኤን. ኩማር አብረዋቸው ጽፈዋል። መነሻው የአይቢኤሙ ተመራማሪ ሮልፍ ላንዳወር ያነሱት ሐሳብ ነው። በኮረብታ የተለያዩ ሁለት ጉድጓዶችን እናስብ፤ ቅንጣቶቹ በሁለቱ ውስጥ ተከፋፍለው ይገኛሉ። የኮረብታው አንድ ጎን ብቻ ቢሞቅ ክፍፍሉ ይለወጣል። ስለዚህ የጉድጓዶቹን ጥልቀት ብቻ አይቶ ቅንጣቶቹ የት እንደሚበዙ መናገር አይቻልም፤ በመካከል ያለውን መንገድ ማወቅ ግድ ይላል። እነ ሙሉጌታ የጠየቁት ቀጣዩን ጥያቄ ነው፦ ይህ ሞቃት ቦታ ቅንጣቶቹ ወደ ሚዛን የሚደርሱበትን ፍጥነት እንዴት ይለውጠዋል?

ጥያቄው ወደ ሞተር አመራ። ሙሉጌታ ከመስፍን አስፋው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 በ«ዩሮፒያን ፊዚካል ጆርናል ቢ» ያሳተሙት ጽሑፍ የብራውን ሙቀት ሞተርን ይመለከታል። ሞቃትና ቀዝቃዛ ቦታዎች እየተፈራረቁ በተደረደሩበት መንገድ ላይ ቅንጣቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ሸክም ቢጫንበትም ሥራ ይሠራል። ደራሲዎቹ የዚህን ሞተር ፍሰት፣ ከፍተኛ ኃይልና የተመጣጠነ ብቃት በሒሳብ ቀመር አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱ በ«ፊዚካል ሪቪው ኢ» ተከታይ ሥራ አውጥተዋል። እነዚህ ጽሑፎች ግዙፍ ቤተ ሙከራ በሌለበት አገር ጠንካራ ሥራ መሥራት እንደሚቻል በግልጽ ያሳያሉ፤ የጠየቁት ወረቀት፣ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው።

የእነዚህን ጽሑፎች መዝገብ በዓመት እየቆጠረ የሚያነብ ሰው የደራሲውን ሕይወትም ማወቅ አለበት። ሙሉጌታ በደርግ ዘመን ታስረዋል፤ ግፍም ደርሶባቸዋል። ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በባንጋሎር ከሚገኘው የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማትን ለእሳቸውና ለሃርቫርዱ ሪቻርድ ዊልሰን የሰጠው ለሰብዓዊ መብት ባደረጉት ጥረት ነው። ይህን የሚይዝ የሳይቴሽን (ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች የመጠቀስ) ሠንጠረዥ የለም።

ከሳይቴሽን ተነሥቶ የተመራማሪን ሥራ ለመመዘን ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ኤች-ኢንዴክስ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ሲሆን፣ ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ያሉት ተመራማሪ ኢንዴክሱ 10 ይደርሳል። እያንዳንዳቸው 1,000 ጊዜ የተጠቀሱ 3 ጽሑፎችን ብቻ የጻፈ ሰው ግን ከ3 አያልፍም። መስክ ከመስክ ሲነጻጸር ስሕተቱ ይብሳል። ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት መጠነ ቁስ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአትላስና የሲኤምኤስ የምርምር ቡድኖች ጥምር ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት፤ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ሥራ ነው። የሒሳብ ጽሑፍ ደግሞ ተጠቃሽ እስኪሆን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቁጥር አሰልፎ ሹመትና ዕድገት መስጠት ፍትሐዊ አይደለም።

የኢትዮጵያውያን መዝገብ ሌላም ችግር አለበት። የሳይቴሽን የመረጃ ቋቶች የተሠሩት በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳሉ። ሙሉጌታ «ኤም. በቀለ» ተብለው ሲመዘገቡ፣ በኤም የሚጀምር ስም ካለው ከማንኛውም የበቀለ ልጅ ጋር ይቀላቀላሉ። የመስፍን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የቀድሞ ጽሑፎቹ በ«አስፋው» ሥር ሲገኙ፣ የአያቱን ስም ጨምሮ መስፍን አስፋው ታየ ብሎ ያሳተማቸው በ«ታየ» ሥር ይውላሉ። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የተጀመረው ኦርኪድ የተባለ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ለተመዘገበ ተመራማሪ ባለ 16 አኃዝ መለያ በመስጠት ችግሩን ያቃልላል፤ የቆዩት ጽሑፎች ግን ባለቤታቸው ራሱ ካላስገባቸው ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያዊ ፊዚሲስት ወይም የሒሳብ ምሁር ሥራ የሚፈልግ ሰው በአባትም በአያትም ስም መፈለግ፣ ከዚያም የተቋሙንና የጽሑፍ ባልደረቦቹን ስም ማመሳከር ይኖርበታል።