ለድባቴ አልጋ የታዘዘበት ዘመን



«ዶክተር፣ ልጄ ከክፍሏ አትወጣም። ደክሟት ይሆናል ብለን እንድታርፍ ትተናታል።» ይህን የመሰለ ነገር ከወላጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። ለልጅ ከማዘን የመጣ ነውና አልፈርድባቸውም። ደግሞም አንድ ዘመን ላይ ስመ ጥር ሐኪሞች ሳይቀሩ እንዲሁ ያስቡ ነበር። ዛሬ ይህን ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ሳይላስ ዊር ሚቸል የሚባል የነርቭ ሐኪም ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያከመ፣ የተቆረጠ እጅና እግር እንዳለ ሆኖ እንደሚሰማና እንደሚያም በዝርዝር የጻፈ ትልቅ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ሕመምተኞች ይመጡለት ጀመር፤ ሆድ የባሳቸው፣ ሰውነታቸው የዛለ፣ ምግብ ያስጠላቸው። ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

ለእነዚህ ሴቶች ያዘዘው «የዕረፍት ሕክምና» ይባል ነበር። ታካሚዋ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አልጋ ላይ ትተኛለች። ከቤተሰቧ ትለያለች። መጀመሪያ ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ መስፋት፣ ማንበብና መጻፍ ሁሉ ክልክል ነው። ወተትና የሚያወፍር ምግብ በብዛት ይሰጣታል። ጡንቻዋ እንዳይሟሽሽ ሰውነቷ ይታሻል፣ በኤሌክትሪክም ይነዘራል። እስቲ ልብ በሉ፤ የማይንቀሳቀስ ሰውነት እንደሚዳከም ሐኪሙ ጠንቅቆ ያውቃል። መፍትሔው ግን ተነስታ እንድትራመድ ማድረግ አልነበረም።

ለወንዶቹስ? በነርቭ ድካም ለሚሠቃዩ ወንዶች የሚሰጠው ምክር ሌላ ነበር፦ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ሂዱ፣ ፈረስ ጋልቡ፣ አደን ውጡ፣ ሜዳ ላይ እደሩ።

በ1887 ሚቸል ዘንድ ከሄዱት ሴቶች አንዷ ደራሲዋ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ናት። ከጋብቻዋ በፊት ጂምናስቲክ አዘውትራ ትሠራ ነበር። ልጇን ከወለደች በኋላ ግን ሐዘኑ አልለቅ አላት። ሕክምናውን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትላክ፣ ከቤትና ከልጅ ሳትርቅ እንድትኖር፣ ብዕርና ብሩሽም እንዳትነካ ታዘዘች። ትእዛዙን ለወራት አክብራ አእምሮዋን ልትስት እንደተቃረበች በኋላ ራሷ ጽፋለች። የተሻላት ምክሩን ትታ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው። በ1892 የታተመው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘው አጭር ልቦለዷ ከዚህ መከራ የተወለደ ነው።

የአንድ ሰው ታሪክ ግን ለሕክምና ማስረጃ አይበቃም። እንቅስቃሴ በእርግጥ ድባቴን ያክም እንደሆነ በሚገባ ለመመዘን ብዙ ዓመታት አለፉ።

በ1999 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ እነ ጄምስ ብሉመንታል አንድ ጥናት አሳተሙ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ድባቴ ያለባቸው 156 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ። ሁለተኛው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ለ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ሶምሶማ ወይም ብስክሌት ሠራ። ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ በሦስቱም ቡድኖች ከ100 ሰው ከ60 እስከ 69 የሚሆነው የድባቴ መመዘኛውን አያሟላም ነበር። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ለውጥ አሳይቷል፤ መጨረሻ ላይ ግን እንቅስቃሴው ደረሰበት።

«በራሱ ጊዜ ለቋቸው ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በ2007 ይኸው ቡድን ሌላ ጥናት አሳተመ። በዚህኛው 202 ሰዎች ሲሳተፉ፣ አንደኛው ቡድን ምንም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ወሰደ። ከ100 ሰው የዳነው፣ በዚህ ቡድን 31፣ መድኃኒት በወሰዱት 47፣ ከአሠልጣኝ ጋር በቡድን በሠሩት 45፣ ቤታቸው ለብቻቸው በሠሩት ደግሞ 40 ነበር።

አንድ የሚያስጠነቅቅ ውጤትም ልንገራችሁ። በ2012 በእንግሊዝ የታተመ፣ 361 ታካሚዎችን የያዘ ጥናት ነው። ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ እንዲንቀሳቀሱ በባለሙያ ምክርና ማበረታቻ የተሰጣቸው ሰዎች፣ እንቅስቃሴያቸው ቢጨምርም ድባቴያቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልተሻለም። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መናገር ብቻውን ሕክምና እንደማይሆን ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

• ልጃችሁን «ተነሺ፣ ውጪ» ከማለት «ነይ፣ አብረን እስከ ታክሲ ፌርማታው ደርሰን እንመለስ» በሏት። አሥር ደቂቃ ለመጀመሪያ ቀን በቂ ነው፤ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

• የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ግን ከዚህ ባነሰ ቢጀምር አይወቀስ።

• አራስ ማረፏ መልካም ባህላችን ነው። ሐዘኑ፣ ለቅሶውና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን «ትረፍ» ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ይያት።

• መድኃኒት የጀመረ ሰው እንቅስቃሴ ጀመርኩ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

• መሞትን የሚያወራ ወይም ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ለብቻው አይተው። የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

በዚያ ዘመን ሴቶቹን አልጋ ላይ ያስተኟቸው ጠልተዋቸው አልነበረም፤ የሚረዳቸው መስሏቸው ነው። እኛም ለልጆቻችን በሩን ዘግተን «ትረፍ» የምንለው ከፍቅር ነው። ዛሬ ማታ ግን በሩን አንኳኩና ጫማዋን አቀብሏት።