በድሬዳዋ የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መንገደኛ ባቡር፦ ዓይነቱ፣ አሠራሩና ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ድሬዳዋ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ባለ 1 ሜትር ስፋት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በስፍራው ሲደርስ ከተማዋ ተመሠረተች፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያ መስመር ባቡሮች በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ይንቀሳቀሱ ነበር። ዛሬ ከተማዋን ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ የሚያገናኘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ መስመር ነው። ይህ ጽሑፍ የባቡሩን ዓይነት፣ በሌሎች አገሮች ካሉ የኤሌክትሪክ መንገደኛ ባቡሮች የሚለይበትን ነጥብ፣ እንዲሁም ለመንገደኛውና ለመስመሩ አዋሳኝ ነዋሪ አስፈላጊ የሆኑ መረጃዎችን ያቀርባል።

የመስመሩ አጠቃላይ ገጽታ

ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ በደወሌ ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ሲሆን፣ ለመንገደኛ ባቡር የታቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀምሯል። ባለቤትነቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ነው።

ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ሲሆን፣ ከአዳማ ወዲህ ነጠላ ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ አቅጣጫ ከፊትና ከኋላ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት በጣቢያዎች ላይ ብቻ ነው፤ የአንዱ መዘግየት ሌላውንም ሊያዘገይ ይችላል።

ባቡሩ ኃይሉን የሚያገኘው እንዴት ነው?

ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይሸከማል። በሎኮሞቲቩ ጣሪያ ላይ ያለው መቀበያ ክንድ ሽቦውን እየነካ ኃይሉን ይወስዳል፤ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ዝቅ ያደርገውና ሞተሮቹ መንኮራኩሮቹን ያሽከረክራሉ። በዚህ መስመር የመንገደኞች ፉርጎዎች የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ከፊት የሚስባቸው ሎኮሞቲቭ ነው።

ሎኮሞቲቭ የሚስበው ባቡርና ባለሞተር ፉርጎዎች ያሉት ባቡር

ለአጭርና ለመካከለኛ ርቀት የክልል ጉዞ በብዙ አገሮች የሚመረጠው ሌላ ዓይነት ባቡር ነው። በዚህ ዓይነት የተለየ ሎኮሞቲቭ የለም፤ ሞተሮቹ በተወሰኑ ፉርጎዎች ወለል ሥር ተከፋፍለው ይገጠማሉ። የሾፌር ክፍል በሁለቱም ጫፍ ስላለ፣ ባቡሩ መድረሻው ላይ ሎኮሞቲቭ ማዞር ሳያስፈልገው ወዲያው ይመለሳል። ብዙ መንኮራኩሮች በኃይል ስለሚሽከረከሩ በፍጥነት ይነሣል፤ በመሆኑም ጣቢያዎች በተቀራረቡበት መስመር ጊዜ ይቆጥባል። መንገደኛ ሲበዛ ሁለት ባቡሮችን አጋጥሞ እንደ አንድ መንዳትም ይቻላል። አምራቾች አንዱን ንድፍ በ3፣ በ4 ወይም በ6 ፉርጎ ርዝመት ስለሚያቀርቡት፣ የአንድ ቤተሰብ ባቡሮች መለዋወጫና የጥገና ሥልጠና ይጋራሉ።

በአገራችን ለዚህ አሠራር የሚቀርበው ከመስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ይህም ራሱን የሚነዳና በሁለቱም ጫፍ የሾፌር ክፍል ያለው ነው፤ ሆኖም ለከተማ ውስጥ ጉዞ የተሠራና በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ በመሆኑ በድሬዳዋ መስመር ላይ ሊሠራ አይችልም። ከአፍሪካ አገሮች ሴኔጋል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዳካርና በዲያምኒያዲዮ መካከል ባለ 4 ፉርጎ ባቡሮችን ታሠራለች። ታንዛኒያም እንደ እኛ መስመር በ25,000 ቮልት በሚሠራው አዲስ ሐዲድዋ ላይ ሎኮሞቲቭ ከሚስባቸው ባቡሮች ጎን ለጎን ባለ 8 ፉርጎ ባለሞተር ባቡሮችን አሰማርታለች።

ሎኮሞቲቭ የመጠቀም ጥቅሙ ለረጅም ርቀት ይታያል፦ የፉርጎዎችን ቁጥር እንደ ተጓዡ ብዛት መጨመርና መቀነስ ይቻላል፤ መቀመጫና መኝታ ያላቸውን ፉርጎዎች አብሮ መቀጠል ይቻላል፤ ሎኮሞቲቩ ሲበላሽም በሌላ ይተካል።

ለመንገደኞች

1. የኤሌክትሪክ ባቡሩ የሚነሣው በከዚራ ከሚገኘው ነባር የባቡር ጣቢያ አይደለም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው መሃል ራቅ ስለሚል፣ ለመድረሻ የሚሆን በቂ ጊዜ ይያዙ።
2. ባቡሩ የሚነሣበት ቀንና ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከጉዞዎ በፊት ከጣቢያው ያረጋግጡ።
3. ትኬት ሲገዙም ሆነ ሲሳፈሩ መታወቂያዎን ይያዙ። ወደ ጅቡቲ የሚሻገር መንገደኛ የጸና ፓስፖርትና አስፈላጊውን የመግቢያ ፈቃድ ማሟላት አለበት።

ለመስመሩ አዋሳኝ ነዋሪዎችና ለአርብቶ አደሮች

ነባሩን ባቡር የለመደ ሰው አዲሱን በዚያው ልማድ ሊጠብቀው አይገባም። የኤሌክትሪክ ባቡር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝም ለመቆም ብዙ መቶ ሜትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰውም ሆነ ከብት መሻገር ያለበት በተዘጋጀው ማሳለፊያ ብቻ ነው።

ከላይ የተዘረጋው ሽቦ ሳይነኩትም ሊገድል ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ክፍተት ዘልሎ ወደ ቀረበው አካል ይደርሳልና። በፉርጎ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ በሽቦው አጠገብ ረጅም ብረት ወይም እርጥብ እንጨት ማንሣት፣ በምሰሶዎቹ ላይ መንጠላጠል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የተበጠሰ ሽቦ ሲያዩ ኃይሉ ተቋርጧል ብለው አይገምቱ፤ ሌሎችን አርቀው በአቅራቢያ ላለው ጣቢያ ወይም ፖሊስ ወዲያው ያሳውቁ።

ከመስመሩ ላይ የሚሰረቅ ሽቦ ወይም ብሎን ጉዳቱ በንብረት ላይ ብቻ አይወሰንም። ሐዲዱ ነጠላ በሆነበት ስፍራ የአንድ ቦታ ብልሽት የመንገደኛውንም የጭነቱንም ባቡር ያቆማል፤ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ሕይወትም ለአደጋ ያጋልጣል። ስለሆነም መስመሩን መጠበቅ የአዋሳኝ ማኅበረሰቡም የጋራ ኃላፊነት ነው።