ከክፍሉ የወጣው ቤተ ሙከራ፦ የምናባዊ የኮምፒውተር ላብ አመጣጥ

ምናባዊ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ የሚባለው፣ ተማሪው በአንድ ክፍል ውስጥ በተደረደሩ ኮምፒውተሮች ፊት ሳይቀመጥ፣ ካለበት ቦታ ሆኖ በሩቅ ሰርቨር ላይ የተዘጋጀለትን ኮምፒውተር በኢንተርኔት የሚጠቀምበት አሠራር ነው። ሰርቨር ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራ ብርቱ ኮምፒውተር ሲሆን፣ የትምህርት ተቋሙ የራሱ ንብረት ሊሆን ወይም ከሌላ ድርጅት በኪራይ ሊገኝ ይችላል። አሠራሩ በሰፊው የታወቀው የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቢሆንም (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ መሠረቱ የተጣለው ግን የግል ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። ታሪኩን ከመነሻው የመሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንደኛው ጥቂት ማሽን ለብዙ ተማሪ በምን ሥርዓት ይዳረስ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱ ተማሪ በማሽኑ ላይ ያደረሰው ጥፋት ለተከታዩ እንዳይተርፍ ምን ይደረግ የሚለው ነው።

በ1950ዎቹ ኮምፒውተር ግዙፍና ውድ ስለነበር በእጁ የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው ኦፕሬተሩ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊው ትእዛዞቹን በተበሱ ካርዶች ላይ አስፍሮ ያስረክባል፤ ኦፕሬተሩም የብዙ ሰዎችን ሥራ አጠራቅሞ ተራ በተራ ወደ ማሽኑ ያስገባል፤ ባለ ሥራው ውጤቱን የሚያየው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ አንዲት ስሕተት ከተገኘች ደግሞ አርሞ እንደገና ተራ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበሩት ቶማስ ከርትዝ፣ ኮሌጃቸው የራሱ ማሽን ሳይኖረው በፊት ካርዶቻቸውን ይዘው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በባቡር ይመላለሱ ነበር። በዚሁ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው በ1961 የጊዜ ክፍፍል የተባለውን ዘዴ በሥራ አሳዩ። በዚህ ዘዴ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ እጅግ አጭር የሥራ ጊዜ እየሰጠ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ስለሚዘዋወር፣ በየተርሚናሉ፣ ማለትም ከዋናው ኮምፒውተር ጋር በሽቦ በተገናኘው የመጻፊያ መሣሪያ ፊት፣ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ማሽኑን ለብቻቸው የያዙት ያህል ይሠራሉ።

ዘዴውን ከተመራማሪዎች እጅ አውጥቶ ለተራው ተማሪ ያደረሰው ግን ዳርትመዝ ነው። ከርትዝና የሥራ ባልደረባቸው ጆን ኬሜኒ፣ አብዛኛውን የፕሮግራም ሥራ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እጅ አሠርተው፣ ግንቦት 1 ቀን 1964 ሊነጋ ሲል የኮሌጁን የጊዜ ክፍፍል ሥርዓት ሥራ አስጀመሩ፤ ለጀማሪዎች ቀላል እንዲሆን ያዘጋጁት ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በዚያው ዕለት አገልግሎት ላይ ዋለ። ሁለቱ ሊቃውንት አጥብቀው የያዙት መርሕ፣ ኮምፒውተር እንደ ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም ተማሪ፣ የሒሳብና የምሕንድስና ተማሪ ላልሆነውም ጭምር፣ ያለ ክፍያና ያለ ልዩ ፈቃድ ክፍት መሆን አለበት የሚል ነበር። ተርሚናሎቹ በስልክ መስመር እስከ አካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ድረስ ስለተዘረጉ፣ ማሽኑን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ተማሪ ከሩቅ ይማርበት ጀመር። ስለዚህ ቤተ ሙከራው ከክፍሉ የወጣው ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘው በሌላ በኩል ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ከተማ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል፣ በሮበርት ክሪሲ የተመራ ቡድን ሲፒ-40 የተባለውን ሥርዓት ሠርቶ በ1967 መጀመሪያ ሥራ ላይ አዋለው። የዚህ ሥርዓት አዲስነት የማሽኑን ጊዜ በማከፋፈል ብቻ የማይወሰን ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ማህደረ ትውስታ፣ የራሱ ዲስክና የራሱ ሥርዓተ ክወና ያለው፣ በሶፍትዌር ብቻ የቆመ ሙሉ ኮምፒውተር ይሰጠው ነበር። በሙያው ቨርቹዋል ማሽን ወይም ምናባዊ ማሽን የሚባለው ይኸው ነው፤ በአንዱ ምናባዊ ማሽን ውስጥ የሚፈጠር ብልሽት እዚያው ስለሚቀር፣ ጎረቤቱ ሳይታወክ ሥራውን ይቀጥላል። ኩባንያው ሐሳቡን አዳብሮ በ1972 ቪኤም/370 በሚል ስም ለገበያ አቀረበው፤ በ1974 ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ አንድ ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን አሠራር በሚገባ መሸከም የሚችለው ምን ሲያሟላ እንደሆነ በሒሳባዊ ማስረጃ አስቀመጡ።

በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር በርካሽ መገኘት ሲጀምር፣ ተቋማት ፊታቸውን ከጋራው ማሽን ወደ ክፍል ሙሉ ትናንሽ ማሽኖች አዞሩ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላብ ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ክፍልም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። ለውጡ የመጀመሪያውን ጥያቄ በከፊል ቢያቃልልም ሁለተኛውን ግን አባባሰው፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል በአንድ ማዕከል ይጠበቅ የነበረው ንጽሕና አሁን በየማሽኑ መጠበቅ ነበረበት። ቫይረስ ይገባል፣ የማሽኑ ቅንብር ይለወጣል፣ ለአንዱ ትምህርት የተጫነ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር ይጋጫል፤ የላብ ኃላፊውም በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ፎርማት እያደረገ እንደገና ሲጭን ይከርማል። በ1990ዎቹ ከኒው ዚላንድ የወጣው ጎስት የተባለው ፕሮግራም፣ በሚገባ የተዘጋጀን አንድ ዲስክ በሙሉ ቀድቶ በሌሎቹ ላይ መገልበጥ ስላስቻለ ድካሙን እጅግ አቀለለው። እንዲህ ያለው ሙሉ ቅጂ ኢሜጅ ይባላል፤ የኋላው ምናባዊ ቤተ ሙከራም በዚሁ ኢሜጅ ላይ የቆመ ነው።

የጎደለው፣ ምናባዊ ማሽንን በርካሹ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ነበር። የዚህ ኮምፒውተር ዋና አንቀሳቃሽ የሆነው የኢንቴል ፕሮሰሰር ፖፔክና ጎልድበርግ ያስቀመጡትን መስፈርት የማያሟሉ 17 ያህል ትእዛዞች ስለነበሩት፣ ብዙዎች ነገሩን የማይሆን አድርገው ይመለከቱት ነበር። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ ችግር ፈጣሪዎቹን ትእዛዞች በሥራ ላይ እያሉ ወደ ሌላ በመለወጥ መሰናክሉን አልፎ በ1999 የመጀመሪያ ምርቱን አወጣ፤ በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 ዜን የተባለውን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይፋ አደረጉ፤ ኢንቴል ራሱም በ2005 ፕሮሰሰሮቹን ለዚሁ ሥራ አመቻቸ።

ሁለቱን መልሶች በአንድ አገልግሎት ካገናኙት ተቋማት መካከል ቀዳሚው የኖርዝ ካሮላይና ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ2004 የከፈተው አገልግሎት ቨርቹዋል ኮምፒዩቲንግ ላብ ተብሎ ተሰየመ። ተማሪው በድረ ገጽ ገብቶ የሚፈልገውን ኢሜጅና የሚጠቀምበትን ሰዓት ይመርጣል፤ ሥርዓቱ ነጻ ሰርቨር ፈልጎ ኢሜጁን ይጭናል፣ ለተማሪው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ማሽኑን አጽድቶ ለተረኛው ያዘጋጃል። ኢሜጁ እንደ አስፈላጊነቱ በምናባዊ ማሽን ላይ ወይም በቀጥታ በሰርቨሩ ላይ ይጫን ነበር፤ ተማሪ የማይፈልጋቸው ሰርቨሮችም ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ ለተመራማሪዎች ከባድ ስሌት ይውሉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሶፍትዌሩን በ2008 ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮችን ለሚያስተዳድረው ለአፓቺ የሶፍትዌር ፋውንዴሽን ስለሰጠ፣ ሌሎች ተቋማትም በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያለ ክፍያ ሊያቆሙት ቻሉ።

በ2006 አማዞን ምናባዊ ማሽኖችን በሰዓት ሒሳብ ማከራየት ሲጀምር፣ ትንሹ ማሽን በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፈልበት ነበር። በዚህም ሰርቨር መግዣ የሌለው ትምህርት ቤት ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ቤተ ሙከራ ማቋቋም ቻለ፤ በአንጻሩ ተማሪ ሳያጠፋው የረሳው ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ሒሳብ እየቆጠረ ስለሚያድር፣ ማሽኖችን በሰዓታቸው የማጥፋትና ለእያንዳንዱ ተማሪ የሰዓት ገደብ የማበጀት ኃላፊነት ተከተለ። ኪራይ ሌላም ጥገኝነት ያመጣል፤ ማይክሮሶፍት ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀውን አዙር ላብ ሰርቪስስ በ2027 እንደሚዘጋ ማስታወቁ፣ በአከራይ መድረክ ላይ የተገነባ ቤተ ሙከራ በአከራዩ ውሳኔ ሊፈርስ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ማሽኖቹ በየዘመኑ ቢለዋወጡም የቤተ ሙከራው ግዴታ እንዳልተለወጠ ነው፤ ተራው በፍትሕ እንዲደርስ፣ ማሽኑም ለተረኛው ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ ትናንት የኦፕሬተሩና የላብ ኃላፊው ሥራ ነበር፣ ዛሬም ኢሜጁን የሚያዘጋጀውና የሰዓት ድልድሉን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ሥራ ነው። ሰርቨርን መከራየት ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ግዴታውን ማከራየት ግን አይቻልም። ስለዚህ አገልግሎቱን በኪራይ የሚያቋቁም ተቋም ኢሜጆቹን ወደ ሌላ ሰርቨር ሊዛወሩ በሚችሉበት መልክ በራሱ እጅ ማስቀመጥ፣ የተማሪዎቹንም ሥራ በራሱ ዘንድ መጠበቅና ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎችን በቤቱ ማፍራት ይኖርበታል፤ ኬሜኒና ከርትዝ ለተማሪ ሁሉ ክፍት እንዲሆን የፈለጉት ማሽን ክፍት ሆኖ የሚዘልቀው ቁልፉ በትምህርት ቤቱ እጅ ሲቆይ ነውና።