ኤሊዛ፣ ይሉኝታና «ሰው መሰለኝነት»

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ሐረግ እየተለመደ መጥቷል፦ «ለማሽን ሰብአዊነትን ማላበስ»። ሊባል የተፈለገው ይገባል። ሰዎች ከኮምፒውተር ጋር ሲጻጻፉ ወይም ሲነጋገሩ ከወዲያ በኩል የሚሰማቸው፣ የሚያዝንላቸው ያለ ይመስላቸዋል። ሐረጉ ግን ይህን አይልም። ሰብአዊነት በአማርኛ ርኅራኄ ነው። «ሰብአዊ እርዳታ» ሲባል እህልና መድኃኒት ይታሰባል፤ «ሰብአዊነት የጎደለው» ሲባል ደግሞ ጭካኔ። እንግዲህ ያንን ሐረግ ያነበበ ሰው ማሽኑ ሩኅሩኅ ተደርጎ ተሠራ ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም።

ሌላው አማራጭ ይብሳል። ጉዳዩ በእንግሊዝኛ የሚጠራው ኤሊዛ በተባለች ፕሮግራም ስም ስለሆነ ቃል በቃል ሲመለስ «የኤሊዛ ውጤት» ይሆናል። ውጤት የሚለውን ሲያይ አማርኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚመጣበት ፈተና ነው፤ ኤሊዛ የምትባል ተማሪ ስንት አመጣች እንደማለት። «የኤሊዛ ተፅዕኖ» ቢባል ደግሞ ነገሩ ሁሉ በኤሊዛ ይላከካል።

የኤሊዛ ታሪክ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ፕሮግራሟን የሠራው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር ጆሴፍ ዋይዘንባውም ነው፤ በርሊን ተወልዶ፣ በናዚዎች ዘመን ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1966 አሳተመ። ስሟን ያገኘችው በጆርጅ በርናርድ ሾው ተውኔት «ፒግማሊየን» ውስጥ እንደ ጨዋ ሰው መናገር ከተማረችው አበባ ሻጭ ነው። አሠራሯ ቀላል ነበር። ሰውየው ስለ እናቱ ከጻፈ «እናት» የምትለዋን ቃል ትይዝና ስለ ቤተሰቡ እንዲነግራት ትጠይቃለች፤ «የእኔ» ያለውን «የእርስዎ» አድርጋ ትመልስለታለች። የምትይዘው ቃል ስታጣ ደግሞ «ይቀጥሉ» ትላለች። ከዚህ ብዙም ያለፈ አልነበራትም። የዋይዘንባውም ጸሐፊ ግን ለወራት ሲሠራት እያየች ቆይታ፣ ጥቂት እንደተጻጻፈች አለቃዋን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ይህ ስላስደነገጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ለኮምፒውተር መሰጠት የሌለባቸው የሰው ሥራዎች አሉ ብሎ ተከራከረ።

ኤሊዛ አላታለለችም። ሁሉ የሆነው በጸሐፊዋ ልብ ውስጥ ነው። ስያሜውም ሊያርፍ የሚገባው እዚያው ነው።

ለዚህ ቦታ የሚወዳደር አንድ ጥሩ ቃል አለ፤ «ሰውኛ»። ትምህርት ቤት የሰውኛ ዘይቤን ያልተማረ የለም። እንደ አማርኛና ትግርኛ ሁሉ በ«ኛ» የሚያልቅ በመሆኑ የሰውን አነጋገር ያስታውሳል፤ ለውበቱም ለትክክለኛነቱም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ተራራው አለቀሰ የሚል ገጣሚ ተራራ እንደማያለቅስ ያውቃል፤ ያለው መርጦ ነው። ጸሐፊዋ የመረጠችው ዘይቤ አልነበረም። ተናጋሪውስ ቢሆን «መኪናዋ አልነሳም አለች»፣ «ፋይሉ አልከፈትም አለኝ» ሲል ማን መኪና ይናገራል ብሎ ያምናል? አማርኛ ግዑዙን ሁሉ በአንደኛ መደብ እያናገረ፣ ጾታ እየሰጠ የኖረ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ የመጣችውን ሰው መሳይ ሮቦት ሶፊያን «ሮቦቷ» ሲል የሰዋስው ግዴታውን ተወጣ እንጂ ስለ ልቧ የመሰከረው ነገር የለም። ሰውኛ ለዚህ ለአነጋገሩ ይቆይ።

ለስሜቱ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መንገድ አውጥቷል። በምሽት መንገድ ዳር የቆመ ጉቶ አይቶ የደነገጠ ሰው ምን ይላል? «ሰው መሰለኝ።» ሁለት ቃል ናት፤ የሚፈለገው ሁሉ ግን አለባት። «መሰለ» ስለ ጉቶው ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ነገሩን ወደ ተመልካቹ ታመጣዋለች። ስህተቱም እዚያው ውስጥ ተነግሯል። ደግሞም «አመንኩ» አይደለም «መሰለኝ» ነው፤ ጉቶ መሆኑን ካወቀም በኋላ የልቡ ምት ቶሎ አይረጋም። ጸሐፊዋም ፕሮግራም መሆኗን እያወቀች ነው አለቃዋን ያስወጣችው።

ከዚህች ሐረግ ስም ማውጣት ይቻላል፤ «ሰው መሰለኝነት»። የሚከብድ የሚመስለው «ማን አለብኝነት»ንና «ምን ቸገረኝነት»ን ያስታውስ። ሁለቱም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከነ«ኝ»ው ተይዞ ስም የሆነባቸው ናቸው፤ ጋዜጣውም መንገደኛውም ይጠቀምባቸዋል። «የባለሥልጣኑ ማን አለብኝነት» ሲባል «ኝ»ዋ ተናጋሪውን ትነካለች ብሎ የሚሰጋ የለም። ከሁሉም የሚቀድመው «ይሉኝታ» ነው፤ «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ ወጥቶ አንድን የባሕርይ ዓለም በአንድ ቃል የያዘ።

ይሉኝታም እዚህ የገባው ለምሳሌ ብቻ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሊፎርድ ናስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰዎችን በኮምፒውተር እያስተማሩ፣ ቀጥለው ኮምፒውተሩ እንዴት እንዳስተማራቸው ይጠይቁ ነበር። ያው ያስተማራቸው ኮምፒውተር ራሱ ሲጠይቃቸው፣ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በወረቀት ከተጠየቁት ይልቅ አብልጠው አመሰገኑት። ለኮምፒውተር ትሕትና ታሳያላችሁ ወይ ሲባሉ ደግሞ በፍጹም አሉ። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ሐተታ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩን ፊት ለፊት መንቀፍ ይሉኝታ ያዛቸው፤ ይሉኝታውን ያመጣው ሰው መሰለኝነት ነው።

ቃል መምረጥ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል የሚል ካለ «አስተውሎት»ን ይመልከት። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ከ«ማስተዋል» የወጣ ነው። አስተዋይ ደግሞ ግራ ቀኙን አይቶ ለሚናገር ሽማግሌ የሚሰጥ ምስጋና ነበር። ቃሉ ለምዷል፤ ከእንግዲህ የሚመልሰው ያለ አይመስልም። ነገር ግን ማሽኑ ገና ስሙ ሲጠራ ምስጋናውን ይዞ ይገባል፤ ሰው መሰለኝነት የሚጀምረው ከስያሜው ነው ማለት ነው።

የሚቀረው አጻጻፉ ነው። «ሰውመሰለኝነት» ተብሎ ቢገጠም ለዓይን ይረዝማል፤ ማን አለብኝነት ተለያይቶ እንደሚጻፍ ይህም ተለያይቶ ቢጻፍ ይሻላል። ግሥ ሲያስፈልግ «ሰው መሰለው»፣ «ሰው መሰላት» እየተባለ በየመደቡ ይረባል፤ ለጸሐፊዋ የሚሆነውም ይኸው ነው፦ ኤሊዛ ሰው መሰለቻት።