ያላለቀ አውሮፕላን በሙሉ ዋጋ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል አገሬው። ተረቱ በኮምፒውተር ጨዋታ ገበያም ይሠራል ወይ ለሚል፣ ፋልኮን 4.0 የተባለውን የውጊያ በረራ ሲሙሌተር ታሪክ አቀርባለሁ። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ርዕሱን ሲሰማ «ጋሼ፣ ለጨዋታ ደግሞ ሕግ ምን ያደርጋል?» ብሎ ስቆብኛል። ለእኔ ግን ነገሩ የሽያጭ ውል ጉዳይ ነው።

ፋልኮን 4.0ን ማይክሮፕሮዝ የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998፣ የፈረንጆች ገና ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ተጫዋቹ ኤፍ-16 እያበረረ በኮሪያ ልሳነ ምድር በሚካሄድ ምናባዊ ጦርነት ይሰለፋል። ትልቁ ተስፋ «ተለዋዋጭ ዘመቻ» የተባለው ነበር፤ ተጫዋቹ ቢኖርም ባይኖርም ታንኩ ይጓዛል፣ ድልድዩ ይፈርሳል፣ ግንባሩ ይገፋል። አብሮት የሚመጣው መመሪያም እንደ ሕግ መጽሐፍ የወፈረ፣ ከ500 ገጽ በላይ ነው።

ችግሩ ዕቃው አለማለቁ ነበር። ፕሮግራሙ በመሀል ራሱን ይዘጋል፤ በኔትወርክ ከጓደኛ ጋር መብረርማ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ተልዕኮውን አቅዶ የተነሣ ተጫዋች ዒላማው ላይ ሳይደርስ ወደ ዴስክቶፑ ይመለሳል። ሰዎቹን ያበሳጫቸው ግሩም ነገር በግማሹ መድረሱ ነው፤ መናኛ ቢሆን ኖሮ ጥለውት በሄዱ ነበር።

ኩባንያው ማስተካከያዎችን ተራ በተራ ለቀቀ። ይሁንና በ1998 በሀስብሮ ተገዝቶ ስለነበር፣ በዲሴምበር 1999 የፋልኮን ቡድን እንዲበተን ተደረገ። በ2000 የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ሾልኮ ወጣ። ተጫዋቾቹም ጥገናውን ራሳቸው ተያያዙት፤ ፋልኮን ቢኤምኤስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ዛሬም አለ። ሻጭ ያፈሰሰውን ገዢ ለቀመ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። በአሜሪካ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1996፣ ፕሮሲዲ የተባለ ኩባንያ ባቀረበው ክስ፣ በሣጥን ውስጥ ታሽጎ የሚመጣ የፈቃድ ውል ገዢውን ያስገድዳል ሲል ወስኗል። እንዲህ ያሉ ውሎች ሶፍትዌሩን «እንዳለ» እያሉ የሻጩን ዋስትና ማጥበባቸው የተለመደ ነው። የኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ሲጻፍ ግን ሶፍትዌር አልታሰበም።

አውሮፓ ቀድሞናል። የእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ዲጂታል ይዘት አጥጋቢ ጥራት እንዲኖረው ያዛል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2019/770 ደግሞ ገዢው ጉድለቱ እንዲታረምለት፣ ካልታረመም ዋጋ እንዲቀነስለት፣ ጉድለቱ ቀላል ካልሆነም ውሉን እንዲያፈርስ መብት ይሰጠዋል።

አከራካሪው ነጥብ ሌላ ነው። ዛሬ አንዳንድ ሲሙሌተር «ገና በሥራ ላይ ያለ» ተብሎ በግልጽ ይሸጣል። ገዢው አውቆ ከገባበት አልከራከርም። ዕቃው እንዳለቀ ተደርጎ በሙሉ ዋጋ ከተሸጠ ግን ኋላ የሚመጣው ጥገና የሻጭ ችሮታ ሊባል አይገባውም፤ ዕዳ ነው። ለባልደረባዬ መልሴ ይኸው ነው።