መጋረጃው ይገለጥ

ስሙኝማ፣ ወገኖቼ! ቦታው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እስቲ አንዲት አራስ እንከተል። ስም አንሰጣትም፤ ጀሞ ላይ እሷን የመሰሉ ሞልተዋል።

ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በሰላም ተገላገለች። አንድ ቀን አደረች፣ ልጇ ተከተበ፣ «ወደ ቤትሽ» ተባለች። ታክሲ ተኮናትረው በሳር ቤት፣ በመካኒሳ አድርገው ጀሞ ገቡ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። እየተደገፈች ወጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ተባለ፣ ገንፎውም ተገነፋ።

ፈተናው ያለቀ መስሏቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን አልጨረሱም።

እናቷ ሊያርሷት ከመንዝ መጥተዋል። መጀመሪያ ምን አደረጉ? መጋረጃውን ዘጉ። በላዩ ጋቢ ደረቡበት። ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታ፣ ክፉ ዓይን እንዳያይ። ትራሷ ሥር ቢላዋ አኖሩ። እኔ ከቢላዋው ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከመጋረጃው ጋር ነው።

ሕፃን ሲወለድ ቀይ የደም ሕዋሱ ብዙ ነው። ያ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት አጣርቶ በዓይነ ምድር ማስወጣት ነበረበት፤ ግን የአራስ ልጅ ጉበት ገና ለሥራው አዲስ ነው። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት በ2ኛው በ3ኛው ቀን ቢጫ ቢጫ ይላሉ፤ ለአብዛኞቹም በራሱ ጊዜ ይለቃቸዋል። ለጥቂቶቹ ግን ይበዛና ወደ አንጎል ይዘልቃል። ጆሮ ያደነቁራል፣ ሰውነት ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ፊት ላይ ይጀምራል፣ ወደ ደረትና ሆድ ይወርዳል። መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ፣ ወይም በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከታየ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። አሁን ንገሩኝ፤ በዚያ ጨለማ ክፍል ቢጫውን ከጠይሙ ማን ይለየዋል?

አያትየው ሌላም አላቸው። እንገሩን «የቆየ ነው፣ ሆዱን ይነፋዋል» ብለው አሳልበው አስደፉት። በምትኩ ለጋ ቅቤ በጣታቸው አላሱት። በክፋት አይደለም፤ እሳቸውንም ያሳደጓቸው እንዲሁ ነው። እንገር ግን የልጁን የመጀመሪያ ጥቁር ዓይነ ምድር ጠርጎ ያወጣል፤ ቢጫውም አብሮ ይወጣል። ካልወጣ ከአንጀት ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል።

በ3ኛው ቀን በር ተንኳኳ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት።

«እማማ፣ መጋረጃውን ልግለጠው?»

«ኧረ ልጄ፣ ምች ይመታብኛል!»

«አንድ አፍታ፤ ልየው ብቻ።»

ገለጠችው። ግንባሩን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ ቢጫ። ደረቱን፤ ቢጫ። ውስጥ እግሩን አገላበጠች፤ እሱም ቢጫ።

«ጡት ይጠባል?»

«ከትናንት ማታ ወዲህ ይተኛል እንጂ አይጠባም» አለች አራሷ።

«ታዲያ ፀሐይ ይሙቅ፤ ይለቀዋል» አሉ አያትየው።

ልብ በሉ፣ አያትየው ግማሽ እውነት ይዘዋል! በ1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቅ ነበር። አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ገላ ለሐኪሞቹ ገልጣ አሳየች፤ አንሶላው ሸፍኖት የነበረው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው የቢጫ ሕፃናት ሰማያዊ መብራት ከዚያ የመጣ ነው። ፀሐይ ግን በደመና ትጋረዳለች፣ ማታ ትጠልቃለች፤ መጠኗም አይለካም። ውስጥ እግሩ ቢጫ የሆነ፣ ጡት የተወ ልጅ ደግሞ ጊዜ የለውም።

ይዘውት ሆስፒታል ሮጡ። ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ዳይፐር ብቻ ታጥቆ መብራቱ ሥር ተኛ። እናቱ በየ2 በየ3 ሰዓቱ እየቀሰቀሰች አጠባችው። ከቀናት በኋላ ጀሞ ተመለሰ።

ባለሙያዋም ተመልሳ መጣች። እትብቱን አየች፤ ደርቋል፣ አይሸትም፣ ዙሪያው አልቀላም። መጋረጃው ግን ዳግም ተዘግቷል! የመጋረጃው ጉዳት ደግሞ በቢጫው አያበቃም። አዲስ አበባ፣ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ እነ ዶክተር ሉሉ ሙሄ አጥንተው በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ባነበብኩ ጊዜ እኔም ደንግጫለሁ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ፀሐይ በማጣት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ፣ ሪኬትስ፣ ነበረባቸው። ካልያዛቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። እንግዲህ ምች ይከለክላል የተባለው መጋረጃ ማንን እንደሚያስገባ እዩት።

«ጠንከር ሲል ጠዋት ጠዋት ደጅ አውጡት» አለች ባለሙያዋ። «በመስኮት መስታወት ውስጥ የምትመጣው ፀሐይ ታሞቀዋለች እንጂ አጥንቱን አትጠቅመውም። ቅባትም አትቀቡት። በ6 ሳምንቱ ደግሞ ለክትባት ጤና ጣቢያ።»

አያትየው ተነሡ፤ እያጉረመረሙ ጋቢያቸውን ከመጋረጃው ላይ አወረዱ።

«ይሁን። ቅቤውንስ ምን ላድርገው? ከመንዝ ድረስ ተሸክሜ!»

«ለገንፎው ነዋ፣ እማማ! ለእኔም ይተርፋል።»