አርባ ልጆች፣ አራት ዓመት

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ወሬ በተነሣ ቁጥር «አርባ ልጆች» ሳይጠቀሱ አይቀሩም። ማን አመጣቸው? ጃንሆይ። ምን ሠሩ? ማርሽ ነፉ። ወሬው እዚህ ላይ ያልቃል። ቡድኑ እንዴት እንዳበቃና ምን ትቶ እንደሄደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አመጣጣቸው ይታወቃል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ደርሰው በአርመን ገዳም እነዚህን ልጆች አገኟቸው። ልጆቹ በ1907 ዓ.ም. የጀመረው የኦቶማን መንግሥት ጭፍጨፋ ወላጅና አገር ያሳጣቸው ናቸው። ራስ ተፈሪ የአርመን ፓትርያርክን አስፈቅደው ተረከቧቸው፤ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። እንቁጣጣሽ አምስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። መሪያቸው የአይንታብ ተወላጁ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር።

ለጽድቅ ነው ወይስ ለመንግሥት ክብር? ሁለቱም ይመስለኛል። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት እኅትማማቾች ናቸው፤ አርመኖችም በከተማችን እንግዳ አልነበሩም፤ ያ የመንገድ መዳመጫ መኪና እንኳ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው በአንድ አርመናዊ ነጋዴ ስም ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ነጋሪትና እምቢልታ ብቻ አልበቃ ብሎ ነበር ማለት ነው። ለሙት ልጆቹ እንጀራ፣ ለቤተ መንግሥቱ ድምፅ። ይህን ማለት ውለታውን ማሳነስ አይደለም።

«የመጀመሪያዎቹ» ሲባል ግን ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩስያው ንጉሥ ከዳግማዊ ኒኮላስ ለምኒልክ የነሐስ መሣሪያ መጥቶ ነበርና ጡሩምባው ከልጆቹ በፊትም ተነፍቷል። እነሱ የመጀመሪያው ኦፊሴላዊ የመንግሥት ኦርኬስትራ ሆኑ ብንል ይበቃል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የቆየው ስንት ጊዜ ነው? አራት ዓመት ብቻ! ውላቸው በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሲያልቅ ቡድኑ አበቃ። ልጆቹ ጎረምሶች ሆነዋል፤ አንዳንዱ ሌላ አገር ሄደ፣ አንዳንዱ እዚሁ ቀረ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ንጉሡ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ዜማው የኬቮርክ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ የሆነው «ማርሽ ተፈሪ» የአገሪቱ መዝሙር ሆነ። ቡድኑ ተበትኖ ድምፁ ቀረ ማለት ነው። የኢጣልያ አምስት ዓመት ሳይቆጠር እስከ አብዮቱ ድረስ ስንቱ ተማሪ ባንዲራ ሲሰቀል በዚያ ዜማ ቀጥ ብሎ ቆሟል! ዜማውን የደረሰው ሰው ከተወለደባት ከተማ ሕዝቡ የተነቀለበት መሆኑን ማን ነገረው?

አብዮቱ መዝሙሩን ሻረው፤ የዘውድ መዝሙር ነውና ይገባል። ከዜማው ጋራ ሙያውን መሻር ግን አልተቻለም። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራ እየመራ ብዙ ሙዚቀኛ አስተምሯል። የእኛን ቅኝት ከፈረንጅ መሣሪያ ጋራ ለማስማማት የደከመ ሰው ነው። ዛሬ በየሬዲዮኑ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናደንቀው የነሐስ ድምፅ አንዱ ሥሩ ይኸው ነው።

አርባዎቹን ግን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው በቁጥር ነው። የመሪያቸው ስም አለ፣ ያመጣቸው ንጉሥ ስም አለ፤ ክላርኔቱን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው ልጅ ስሙ ማን ነበር? እኛ ተማሪዎች የምናውቀው የለንም። ከነርሲስ ወይም ከልጆቹ ከአንዱ ሙዚቃ የተማረ አያት ወይም ጎረቤት ያለው ጓደኛ ካለ፣ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቆ ቢጽፍልን በዚህች መጽሔት ቦታ አይጠፋም።